እባብ በምሳሌ፣ በአፈ ታሪክና በድንቃድንቅ ተረት



ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን ሲነገር የኖረ፣ ነገር ግን ባሕርዩን ለይተን ለመመርመር እምብዛም ያልተጋንበት ነው፤ ይኸውም በጅምላ «ተረት» እያልን የምንጠራው የቃል ሀብት በውስጡ ልዩ ልዩ ወገኖች ያሉት መሆኑንና እነዚህ ወገኖች የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን ምክንያት የሚመለከት ነው። ከእነዚህ አንደኛው እንስሳትና ዕፀዋት አንደበት አግኝተው እንደ ሰው እየተከራከሩ ምክርና ተግሣጽ የሚያስተላልፉበት ምሳሌያዊ ተረት ነው፤ ሁለተኛው ዓለም እንዴት እንደ ቆመች፣ ሞት ከወዴት እንደ መጣ፣ ነገድና መንግሥት በማን እንደ ተጀመረ የሚተርከውና ተናጋሪዎቹ እንደ እውነት የሚቀበሉት አፈ ታሪክ ነው፤ ሦስተኛውም ወላጅ የሌለው ልጅ ወይም ስሙ የማይታወቅ አሽከር የማይቻል ፈተና ገጥሞት፣ ባልጠበቀው ረዳት ተደግፎ ፈተናውን ካለፈ በኋላ የንጉሥ ልጅ የሚያገባበት የድንቃድንቅ ተረት ነው።

በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መለያ ቀላል ነው። እንስሳት የሚናገሩበት ከሆነ ምሳሌ፣ አማልክት የገቡበት ከሆነ አፈ ታሪክ፣ አስማት ያለበት ከሆነ የድንቃድንቅ ተረት ነው ይባላል። ይህ ለጀማሪ ተማሪ መንገድ ማስያዣ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አያደርስም፤ ምክንያቱም በድንቃድንቅ ተረትም ውስጥ ዓሣና ቁራ ይናገራሉ፣ በአፈ ታሪክም ውስጥ አስማት ሞልቷል፣ በምሳሌም ውስጥ አማልክት ይገባሉ፤ በኤዞፕ ስም ከሚጠሩት ምሳሌዎች በአንዱ እንቁራሪቶች ንጉሥ እንዲያነግሥላቸው የሚለምኑት የጽርኣውያንን ታላቅ አምላክ ዜውስን እንደ ሆነ ማስታወስ ይበቃል። እኔ እንደሚመስለኝ ትክክለኛው መለያ በታሪኩ ውስጥ ማን እንደ ገባ በመቍጠር አይገኝም፤ ተናጋሪው ከአድማጩ ምን ዓይነት እምነት እንደሚጠይቅ በመመርመር ነው የሚገኘው። ይህም ግልጥ እንዲሆንልን አንድ ፍጡር ብቻ መርጠን በሦስቱም ዘንድ እንከተለው፤ የመረጥሁትም እባብን ነው።

በምሳሌ ዘንድ እባብ ከሰው ጋራ በአንድ አገር የሚኖር ክፉ ጎረቤት ነው። ሄሮዶቱስ በሳሞስ ደሴት ባሪያ እንደ ነበረ የመዘገበለት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት እንደ ኖረ የሚነገርለት ኤዞፕ፣ በስሙ ከተሰበሰቡት ምሳሌዎች በአንዱ፣ ብርድ አደንዝዞት የወደቀ እባብ ያገኘ ገበሬ አዝኖ በብብቱ እንዳሞቀውና እባቡም ነፍስ በዘራ ጊዜ ነድፎ እንደ ገደለው ይናገራል። ይህንኑ ምሳሌ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት ፌድሩስ በላቲን ግጥም ጻፈው፤ ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ደግሞ የመጀመሪያውን የምሳሌ መድበሉን በ1668 ባሳተመ ጊዜ ፍጻሜውን ለውጦ፣ ገበሬው መጥረቢያውን አንሥቶ ውለታ ቢሱን ሦስት ቦታ እንደ ቈረጠው አደረገ። በአገራችንም በተራኪዎች አፍ ከሚነገሩት አንዱ፣ ወንዝ መሻገር ያቃተውን እባብ በአንገቱ ተሸክሞ ያሻገረ ሰው፣ እባቡ አልወርድም ብሎ ሊነድፈው በተነሣበት ጊዜ ዳኛ ፍለጋ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ሲንከራተቱ፣ በመጨረሻ ያገኟት ቀበሮ ከሳሽና ተከሳሽ በመሬት ላይ ጎን ለጎን ካልቆሙ ሙግት አልሰማም ብላ እባቡን ካስወረደች በኋላ ሰውዬውን በያዘው ዱላ እንዲጠቀም እንዳደረገችው የሚተርከው ነው።

በነዚህ ተረቶች ሁሉ እባቡ መናገር መቻሉን ያመነም የካደም አድማጭ የለም፤ ጥያቄው ከቶ አይነሣምና። ተናጋሪው ከእኛ የሚጠይቀው ምክሩን እንድንቀበል ብቻ ነው፤ ምክሩ እውነት ከሆነ ታሪኩ ተደርጎ አለመደረጉ አያስጨንቀንም። ስለዚህም ነው ምሳሌ ብዙ ጊዜ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ በአንዲት ዐረፍተ ነገር የሚጠቃለለው፤ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ስንል አህያዋም፣ ባሏም፣ ጅቡም፣ ያ የሚያስፈራ ሌሊትም በአራት ቃል ውስጥ አሉ፤ የሰማ ሁሉ ታሪኩን ራሱ ይሞላዋል። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባሉት መጻሕፍታቸው እንስሳትን በግጥም እያናገሩ ለተማሪዎች ባቀረቡ ጊዜ፣ ትምህርቱ ያለ ችግር በልጆች ልቡና የተቀረጸው፣ ሕዝቡ አስቀድሞ በምሳሌ መምከርንና መመከርን የለመደ ስለ ነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ምሳሌ አንድ ነገር ጨምሬ ለመናገር አድማጮቼ ይፍቀዱልኝ፤ ይኸውም ምሳሌ ደካማ ለብርቱ የሚናገርበት አንደበት መሆኑ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፣ አቤሜሌክ ሰባ ወንድሞቹን አስፈጅቶ በሴኬም በነገሠ ጊዜ፣ ከእልቂቱ ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች አስቀድሞ የተናገረው ክስ አልነበረም፤ ዛፎች ንጉሥ ፍለጋ ወደ ወይራ፣ ወደ በለስና ወደ ወይን ሄደው፣ እያንዳንዳቸው ፍሬያችንን ትተን አንነግሥም ባሉ ጊዜ እሾህ ግን ንግሥናውን እንደ ተቀበለ የሚያስረዳ ምሳሌ ነበር። ተናግሮም ሸሸ። ከአውግስጦስ ቄሣር ነፃነቱን የተቀበለው ፌድሩስም ይህ ዓይነት ንግግር የተገኘው ባሪያ በልቡ ያለውን በግልጥ ለመናገር ስላልደፈረ ነው ሲል ጽፏል። ለቅኔ ሊቃውንት አገር ልጆች ይህን ማስረዳት አያዳግትም፤ ምሳሌ እንደ ሰምና ወርቅ ነውና፣ የተቈጣው ጌታ ሰሙን ይዞ ቢከስስ ተናጋሪው ስለ እሾህና ስለ ወይራ ብቻ እንደ ተናገረ ይምላል፣ ወርቁ ግን ከሰሚው ልብ አይወጣም። ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት በእስር ቤት የሞቱን ቀን ሲጠባበቅ የኤዞፕን ምሳሌዎች በግጥም ይደርስ እንደ ነበረ ደቀ መዝሙሩ አፍላጦን ጽፎልናል፤ ሞት የተፈረደበት ጠቢብ በመጨረሻ ቀኖቹ የባሪያውን ንግግር መምረጡ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ አፈ ታሪክ እንሻገር። በዚህ ስፍራ ያው እባብ ከጎረቤትነት ወጥቶ ከዓለም ሥርዓትና ከሰው ዕጣ ጋራ የተሳሰረ ታላቅ ኃይል ሆኖ ይታያል። ግብፃውያን አፖፊስ የተባለው ዘንዶ ሌሊት ሌሊት የፀሐይን መርከብ ለማጥፋት እንደሚነሣና ድል ካልሆነ ፀሐይ እንደማትወጣ ይናገሩ ነበር፤ ጽርኣውያንም አፖሎን ጲቶን የተባለውን ዘንዶ ገድሎ የዴልፊን መቅደስ እንደ ያዘ ይተርኩ ነበር። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የባቢሎናውያን አፈ ታሪክ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቈይ።

ጆርጅ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ከነነዌ ፍርስራሽ ተቈፍሮ ወደ ለንደን በተወሰደው የንጉሥ አሹርባኒፓል የሸክላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጥፋት ውኃን ታሪክ የያዘ ጽሑፍ አግኝቶ በ1872 በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ባነበበ ጊዜ፣ ዓለም ለረጅም ዘመን ረስቶት የነበረውን የኡሩክን ንጉሥ ግልጋሜሽን መልሶ አወቀው። ግልጋሜሽ ሁለት እጁ አምላክ፣ አንድ እጁ ሰው ነው ይባላል፤ ቢሆንም ወዳጁ ኤንኪዱ በሞተበት ጊዜ እርሱም ሟች መሆኑን ተረድቶ ንግሥናውን ትቶ ሞትን የሚያመልጥበትን ምሥጢር ፍለጋ በበረሃ ተንከራተተ። ከጥፋት ውኃ የተረፈውን ኡትናፒሽቲምን ከብዙ ድካም በኋላ አገኘው፤ ያገኘው መልስ ግን የዘለዓለም ሕይወት ለሰው እንዳልተሰጠ የሚያስረዳ ነበር። ሊመለስ ሲል ግን ሽማግሌውን ጐልማሳ የሚያደርግ ተክል ከውኃ ጥልቅ ውስጥ እንዳለ ተነገረው፤ በእግሩ ድንጋይ አስሮ ሰጠመና ነቅሎ አወጣው። በመንገድ ላይ ቀዝቃዛ ኵሬ አይቶ ለመታጠብ በወረደ ጊዜ ግን እባብ መዓዛውን አሽትቶ መጣና ተክሉን ይዞ ሄደ፤ ሲሄድም ቆዳውን ገፍፎ ጣለ። ግልጋሜሽ ተቀምጦ አለቀሰ።

ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ፍሬዘር በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ሲነገር የተገኘ ሌላ ትረካ አስፍሯል። ፈጣሪ ዋቃ አንዲትን ወፍ ወደ ሰዎች ልኮ፣ ባረጁ ጊዜ ቆዳቸውን ገፍፈው ጐልማሶች እንዲሆኑ እንድትነግራቸው አዘዛት፤ ለመልእክተኛነቷም ምልክት እንዲሆናት በራሷ ላይ ጉትያ አበጀላት። ወፊቱ በመንገድ ስትሄድ እባብ ጥንብ ሲበላ አገኘችና ከሥጋው እንዲያካፍላት፣ በልዋጩም የአምላክን መልእክት እንደምትነግረው ተናገረች። እባቡም እንቢ ቢል አጥብቃ ለመነችው፤ በመጨረሻም ሰው ባረጀ ጊዜ ይሞታል፣ አንተ ግን ባረጀህ ጊዜ ቆዳህን ገፍፈህ ትታደሳለህ ብላ መልእክቱን ገልብጣ ነገረችው። ዋቃም በሕማም ቀጣት፤ እስከ ዛሬም ድረስ በዛፍ ራስ ላይ ተቀምጣ አምላኬ፣ አምላኬ እያለች ታቃስታለች ይባላል።

በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል የኖሩት ሰዎችና የኦሮሞ አባቶች ያዩት አንድ ነገር ነበር፤ እባብ በየጊዜው አሮጌ ቆዳውን ጥሎ እንደ አዲስ ሲያብለጨልጭ ሰው ግን የሸበተ ራሱን ጥሎ ሊታደስ አይችልም። ሁለቱም ትረካ የሚነሣው ከዚህ ኀዘን ነው፤ ሁለቱም ሰው ሊያገኘው ይችል የነበረውን ሕይወት በትንሽ ነገር፣ በአንድ ገላ መታጠብ፣ በአንድ ጉራሽ ሥጋ ምክንያት እንዳጣው ይናገራል። እንዲህ ያለው ትረካ እንዴት መኖር እንደሚገባን አይመክረንም፤ ለምን እንደምንሞት ነው የሚነግረን። ያንኑ የእባብ ቆዳ በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተተረጐመው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ሲያነሣው ልዩነቱ ግልጥ ሆኖ ይታያል። ፊሳልጎስ እባብ ባረጀ ጊዜ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ጾሞ፣ ቆዳው በላላ ጊዜ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አልፎ አሮጌውን እንደሚገፍፍ ከተናገረ በኋላ፣ ክርስቲያንም እንዲሁ በጾም በጠባቡ መንገድ አልፎ አሮጌውን ሰው ያውልቅ ብሎ ይተረጕመዋል። ተፈጥሮው አንድ፣ ቆዳውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ ዘንድ የሞት ምክንያት የነበረው በሌላው ዘንድ የኑሮ መምሪያ ሆነ፤ ፊሳልጎስ ከአፈ ታሪክ ይልቅ ለምሳሌ የቀረበ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የድንቃድንቅ ተረት ይቀራል። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ያዕቆብና ዊልሄልም ግሪም በ1812 እና በ1815 በሁለት ክፍል ካሳተሟቸው ተረቶች አንዱ ስለ ነጭ እባብ የሚናገረው ነው። የአንድ ንጉሥ አሽከር ከንጉሡ በቀር ማንም እንዳይነካው የተከለከለውን፣ ተሸፍኖ የሚቀርበውን ገበታ ቢገልጥ ነጭ እባብ ተሠርቶ አገኘ፤ ጥቂት ቀምሶም የእንስሳትን ቋንቋ ሁሉ መስማት ጀመረ። ከዚያ በኋላ አገር ሊያይ ወጥቶ ሲጓዝ በሸምበቆ ውስጥ የተያዙትን ዓሦች ወደ ውኃ መለሰ፣ ጉንዳኖችን ፈረሱ እንዳይረግጣቸው መንገድ ለወጠላቸው፣ ለተራቡ የቁራ ጫጩቶችም ፈረሱን አርዶ ሰጣቸው። ኋላም የንጉሥ ልጅ ለማግባት ሲጠይቅ፣ ወደ ባሕር የተጣለ ቀለበት እንዲያወጣ፣ በሣር ላይ የተበተነ አሥር ጆንያ ዘንጋዳ በአንድ ሌሊት እንዲለቅም፣ በመጨረሻም ከዕፀ ሕይወት ፍሬ እንዲያመጣ ትእዛዝ በወረደበት ጊዜ፣ ዓሦቹ ቀለበቱን፣ ጉንዳኖቹ እህሉን፣ ቁራዎቹም ፍሬውን አመጡለት፤ እርሱና የንጉሡ ልጅም ፍሬውን ተካፍለው በሉት።

አድማጮቼ ሆይ፣ ይህን ከግልጋሜሽ ጋራ አስተያዩት። ያ ታላቅ ንጉሥ፣ ሁለት እጁ አምላክ የሆነው፣ የሕይወትን ተክል በእጁ ጨብጦ ሳለ እባብ ቀማው፤ ይህ ስም እንኳ ያልወጣለት አሽከር ግን በእባብ ምክንያት ቋንቋ ተገልጦለት፣ በወፎች እጅ የዕፀ ሕይወትን ፍሬ ተቀብሎ ከሚወዳት ጋራ ተመገበው። የአፈ ታሪኩ አድማጭ የኡሩክን ንጉሥ ኀዘን የራሱ ኀዘን አድርጎ ይቀበለዋል፤ የድንቃድንቅ ተረቱ አድማጭ ግን አሽከሩ የሕይወትን ፍሬ በላ ሲባል፣ የት አገር፣ በማን ዘመነ መንግሥት ብሎ አይጠይቅም፤ እንዲህ በሆነ ብሎ በልቡ ይመኛል እንጂ። በአገራችን ተራኪው «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምርና አድማጮቹ ተቀብለው ሲመልሱለት የሚደረገው ስምምነት ይኸው ነው፤ ከዚህ ጀምሮ የሚነገረው በምስክር አይጠየቅም፣ ልጆቹም ይህን ሳይነገራቸው ያውቃሉ። የእሳት ዳር ተረትን ውሸት ነው ብለው የሚነቅፉ ሰዎች ይህን ስምምነት ስላላስተዋሉ ነው፤ ልጅ በተረት ዓለም ፍትሕ እንደሚፈጸም ካልሰማ በኑሮው ፍትሕ ሲጓደል ምን እንደ ጐደለ በምን ያውቃል?

የድንቃድንቅ ተረት አሠራርም ከሁለቱ ይልቅ ሥርዓት ያለው ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ቭላዲሚር ፕሮፕ፣ አፋናሴቭ የተባለው የተረት ሰብሳቢ ከሰበሰባቸው ተረቶች መቶውን መርምሮ በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ገጸ ባሕርያቱ ቢለዋወጡም ድርጊቶቹ ከ31 እንደማይበልጡና ቅደም ተከተላቸውም እንደማይፋለስ አሳይቷል፤ ክልከላ አለ፣ ክልከላው ይፈርሳል፣ ጀግናው ከቤቱ ይወጣል፣ ይፈተናል፣ ረዳት ያገኛል፣ ይታገላል፣ ይመለሳል፣ ያገባል። የነጩን እባብ ተረት በዚህ መስፈሪያ ብትለኩት፣ ከተከለከለው ገበታ ጀምሮ እስከ ሠርጉ ድረስ አብዛኛውን ታገኙታላችሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ሦስቱን ለይቶ ለማሳየት ነበር። ነገር ግን አንዱ ትረካ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲሻገር ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ለዚህም ከአገራችን አርዌ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። ጥንት አርዌ የተባለ ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡን ግብር ሲያስገብር እንደ ኖረ፣ አጋቦስ ወይም አንጋቦ የተባለ ሰውም መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦለት እንደ ገደለውና ሕዝቡ እንዳነገሠው፣ ንግሥተ ሳባ ማክዳም የእርሱ ልጅ እንደ ሆነች ይነገራል። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 ያሳተመው የአክሱም ትውፊት ደግሞ በሌላ መንገድ ይተርከዋል፤ እትዬ አዜብ የተባለች ልጃገረድ ለዘንዶው ግብር ሆና በዛፍ ታስራ ሳለ ቅዱሳን ደርሰው ዘንዶውን ገደሉት፣ ከደሙም በእግሯ ላይ ስለ ተንጠባጠበ እግሯ የአህያ ሰኮና ሆነ፣ ሕዝቡም አለቃ አደረጋት፣ ኋላም ወደ ሰሎሞን በሄደች ጊዜ ተፈወሰች ይላል።

የዚህ ትረካ አካል የድንቃድንቅ ተረት አካል ነው፤ ለአውሬ የተሰጠች ልጃገረድ፣ ሳይታሰብ የደረሰ አዳኝ፣ የነገሠ እንግዳ፣ ሁሉም አለበት። ጽርኣውያንም የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ አንድሮሜዳ ለባሕር አውሬ በድንጋይ ላይ ታስራ ሳለ ፔርሴዎስ እንዳዳናት ሲተርኩ ይህንኑ መልክ ይዘዋል፤ ምንም እንኳ እነርሱ ኢትዮጵያ የሚሉት በደቡብ ያሉትን የጥቁር ሕዝብ አገሮች በጠቅላላው ቢሆን። ይህን ስናገር ብዙዎቻችሁ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የተሣለውን ቅዱስ ጊዮርጊስንና ብሩታዊትን እንደምታስታውሱ ዐውቃለሁ፤ እርሱ ግን በገድል የሚነበብና በበዓል የሚከበር ስለ ሆነ ራሱን የቻለ ንግግር ይገባዋልና ዛሬ አልነካውም።

የአርዌ ትረካ በድንቃድንቅ ተረት መልክ ቢመጣም ለምን እንደ ተረት አልተቈጠረም ብለን ብንጠይቅ መልሱን የምናገኘው በነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ነው። በአንዳንዶቹ የአገራችን የነገሥታት ዝርዝሮች አርዌ በመጀመሪያ ስፍራ ተቀምጦ 400 ዓመት እንደ ነገሠ ተጽፎለታል። የሱመር የነገሥታት ዝርዝርም ግልጋሜሽን በኡሩክ ነገሥታት መካከል አስገብቶ 126 ዓመት ነገሠ ይላል። የነጩን እባብ አሽከር ግን በማናቸውም የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ማንም አልጻፈውም፣ ሊጽፈውም አላሰበም። ከዚህ የበለጠ የእምነትን ልዩነት የሚያስረዳ ማስረጃ አይገኝም። አሜሪካዊው ዊልያም ባስኮም በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ ተመሳሳይ መለያ አቅርቦ፣ ተረት እንደ ፈጠራ የሚሰማ መሆኑን ገልጦ፣ እንደ እውነት የሚሰሙትን ደግሞ በሁለት ከፍሎ፣ ዓለም የዛሬውን መልክ ሳይይዝ ተደረገ የሚባለውንና በሰዎች ዘመን ተደረገ የሚባለውን ለያይቷል፤ በእርሱ አከፋፈል የዋቃ ወፍ ከፊተኛው፣ አንጋቦ ከኋለኛው ወገን ይሆናሉ።

በዚህ ስፍራ በጥንቃቄ መናገር የሚገባኝ ነገር አለ። የራሱን እምነት አፈ ታሪክ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ የለም፤ ይህን ስም የሚሰጠው ከውጭ ሆኖ የሚመለከት፣ ወይም እምነቱ ካለፈ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ለእኛ ለክርስቲያኖች ኦሪት ዘፍጥረት ስለ ከይሲ የሚናገረው ቃል ቅዱስ ጽሑፍ ነው፤ ሲነበብ የምንቆመው አቋቋም ኤዞፕን ስንሰማ ከምንቀመጠው አቀማመጥ የተለየ ነው። ይህን በራሳችን የምናውቅ ስለ ሆነ፣ የኡሩክ ሰው ስለ ግልጋሜሽ፣ የኦሮሞ ሽማግሌም ስለ ዋቃ መልእክተኛ ሲናገሩ በምን ዓይነት ልብ እንደ ተናገሩ ለመረዳት ከሌላው ይልቅ እንቀርባለን፤ ሌላው ያመነበትን ነገር ለመሳቂያ ማድረግም አይገባንም።

መሻገሩ እንደ አርዌ ከድንቃድንቅ ተረት ወደ አፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የእንጀራ ልጇን ፍቅር ለማግኘት መድኀኒት ፍለጋ ወደ አዋቂ የሄደችውን ሴት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ አዋቂው ከሕያው አንበሳ ጠጕር ነቅላ እንድታመጣ ያዝዛታል፣ እርስዋም በየዕለቱ ሥጋ እያቀረበች፣ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እየቀረበች፣ በመጨረሻ ነቅላ ታመጣለታለች። እስከዚህ ድረስ የድንቃድንቅ ተረት ነው፤ የማይቻል ትእዛዝ አለ፣ አስፈሪ አውሬ አለ፣ የአስማት መድኀኒት ይጠበቃል። አዋቂው ግን ጠጕሩን ተቀብሎ መድኀኒት አይሰጣትም፤ አንበሳውን ባላመድሽበት ትዕግሥት ልጁን አላምጂው ይላታል። በዚህ አንድ ቃል የድንቃድንቅ ተረቱ ምሳሌ ሆነ። ከምናውቃቸው ተረቶች ሁሉ እንደዚህ በሚያስደንቅ ሁኔታ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የተሻገረ ብዙ አላየሁም፤ የአገራችን ተራኪዎች ጥበብም በእንዲህ ያለው ስፍራ ይታያል።

በመጨረሻ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች አፍ ተረት እየሰበሰባችሁ ለመጻፍ ለምታስቡ መምህራንና ተማሪዎች አንድ ምክር ላቅርብ። ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 ባሳተሙት መጽሐፍ በበረዶ ነጭ ተረት ውስጥ ልጅቱን የምታሳድደው ወላጅ እናቷ ነበረች፤ በ1819 እትም ግን እናትን በክፋት መሣል ስለ ከበዳቸው የእንጀራ እናት አደረጓት፤ ዊልሄልምም እስከ 1857 እትም ድረስ ተረቶቹን እያሳመረ ሲያርም ኖረ። ውበት ተገኘበት፣ የተራኪዎቹ ድምፅ ግን በከፊል ጠፋ። እናንተ ስትጽፉ ተራኪው እንደ ተናገረው፣ በአገሩ አነጋገር፣ ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ጻፉ፤ የተራኪውን ዕድሜና አገር፣ ተረቱንም ከማን እንደ ሰማ መዝግቡ። ከሁሉም በላይ በትሕትና ቀርባችሁ፣ አባቴ፣ ይህ የተደረገ ነገር ነው ወይስ ተረት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሰጣችሁንም መልስ ከትረካው ሥር በራሱ ቃል አስፍሩት።